የኑሀ መኪና

ኢንስፔክተር ፍሬሕይወት ኤረር በር አጠገብ ካለው ጋራዥ ስትደርስ የሪድዋን እግሮች ገና ከቀይዋ መኪና ሥር እንደተዘረጉ ነበሩ። አንዱ ሸበጥ ወልቆ ወደ በሩ ዞሯል። የቀረው ሰውነቱ ከመኪናዋ ሆድ በታች ነው። መኪናዋ ደግሞ ለውድድር የተሠራች ስለሆነች እንደ ሌላው መኪና ከፍ ያለች አይደለችም፤ መሬት ለመሳም ትንሽ ነው የቀራት።

«እስክትመጪ ማንም እንዳይነካ ብያለሁ» አላት ኮማንደር ተስፋዬ። «ነገሩ ግን ያለቀ ነው።»

«ያለቀ ከሆነ እኔ ለምን ተጠራሁ ጌታዬ?»

«ለፊርማ ነዋ!»

እሰይ! ፍሬሕይወትን ለፊርማ የሚጠራ ሰው ምን እንደሚገጥመው ኮማንደሩ ማወቅ ነበረበት። ከደብረ ብርሃን ተመድባ ሐረር ስትመጣ «ለጥቂት ጊዜ ነው» ተብላ ነበር፤ ይኸው እዚሁ ጠጉሯ ሸበተ። በዚህ ሁሉ ዘመን ያላጣራችውን ወረቀት ፈርማ አታውቅም። ሹመት ያለፋትም በዚሁ ጠባይዋ ነው፤ ቁጭቱ ግን የለባትም።

ኮማንደሩ ነገሩን ቶሎ ቶሎ አስረዳት። ጋራዡ የኑሀ መጋዘን ነበር፤ ኑሀ ከሞተ ወዲህ የሴት ልጁ የዋፊቃ ነው። ሪድዋን ከእሷ ጋር የሚሠራ መካኒክ ነው። ሁለቱ ይቺን የጥንት የውድድር መኪና እንደ ሰው መኪና መንገድ ላይ የምትሄድ ለማድረግ ሲታገሉ ከርመዋል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ከአሱር ሰላት ትንሽ ቀደም ብሎ ሪድዋን ሞተሯን አስነስቶ አስጓራት፤ እዚህ አጠገብ ያሉ ጎረቤቶች ሰምተዋል። ከዚያ ዋፊቃ ገባች። ከዚያ ጩኸት ተሰማ።

«በመሃል ሌላ የገባ የለም። ትናንት ደግሞ እዚህ በር ላይ ሲሰዳደቡ አገር ሰምቷል። ወይ በቸልተኝነት ለሞት አድርሳዋለች፣ ወይ ሆን ብላ ነው። የፈለግሽውን ምረጪ።»

«ምርጫው ጠበበብኝ» አለች ፍሬሕይወትና መሬት ላይ ተንበረከከች።

መኪናዋን ተሸክሞ የነበረውን ክሪክ ትኩር ብላ አየችው። ያመለጠ ክሪክ ይንጋደዳል፣ ይፈናጠራል። ይኼ ግን ቀጥ እንዳለ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ማርገቢያው ብሎን ተፈትቷል። ብሎኑ ያለው በውጭ በኩል ነው፤ ከሥር የተኛ ሰው እጁ አይደርስበትም።

«ጌታዬ፣ ይኼ አደጋ አይደለም። ክሪኩን ሰው ነው ያወረደው።»

«አየሽ!» አለ ተስፋዬ ደስ ብሎት። «እሷ ናት አላልኩሽም?»

ፍሬሕይወት በሆዷ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች።

መኪናዋ በክሪክ ከፍ ተደረገችና የሪድዋን አስከሬን ወጣ። ሐኪሙ ደረቱ መድቀቁን እንጂ የሞተበትን ሰዓት በውል መናገር አልቻለም። ዘመዶቹ «ኢና ሊላሂ» እያሉ ሲወስዱት ዋፊቃ ከግድግዳው ሳትላቀቅ በዐይኗ ሸኘችው። አጭር፣ ደልደል ያለች ወጣት ናት። ለበዓል የሚለበስ የሐር ቀሚስ ለብሳለች፤ ጥፍሮቿ ሥር ግን የማይለቅ ግራሶ አለ።

«አላለቅስም» አለች፣ ገና ማንም ሳይጠይቃት። «ባለቅስ ‹ጸጸት ነው› ይላሉ። ባላለቅስ ‹ልበ ደንዳና› ይላሉ። እንግዲህ የፈለጉትን ይበሉ!»

«የት ዋልሽ?»

«አፎቻ ነበርኩ። ሰርግ አለብን፤ የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ አብረውኝ ነበሩ። አሱር ሊል ሲል ተነስቼ መጣሁ። ስገባ እግሩን አየሁ።»

«መኪናዋ ስታጓራ ሰምተሻል?»

«ያኔ በገበያ መሃል እየመጣሁ ነበር፣ አልሰማሁም። ግን ሁልጊዜ ከአሱር በፊት ሞተሯን ያሟሙቃታል። ሰማን ካሉ እኔ ምን እላለሁ?»

«ትናንት በምን ተጣላችሁ?»

«በማርሚታ!» አለች፤ ቃሉ ራሱ እንደ አዲስ አናደዳት። «ጭሱ ሲወጣ ድምፁን የሚያፍነው ነገር የለም? እሱ ነው። የውድድር መኪና ማርሚታ የላትም፤ ምኗም የላትም። ፍሬቻ የላት፣ ክላክስ የላት፣ ስፖኪዮ የላት፣ የእጅ ፍሬን የላት። ሁሉንም አንድ በአንድ ስናስገባላት ሪድዋን እጁ ወርቅ ነበር። ማርሚታው ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ‹የአንበሳን አፍ መስፋት ነው፤ በሕይወቴ እያለሁ አይገባባትም› አለኝ። እኔም ‹እሱ ካልገባ አንተ ትወጣለህ!› አልኩት። ብያለሁ፤ አልክድም። ያለ ማርሚታ ቦሎ አይሰጥም፣ ያለ ቦሎ ታርጋ የለም።»

«ለአንድ ታርጋ ይህን ያህል?»

«ኢንስፔክተር፣ ይቺ መኪና በሕግ ዐይን የለችም። ሊብሬ የላትም፣ ባለቤት የላትም። ታርጋ ካላገኘች ቁርጥራጭ ብረት ናት። እኔ ከታሰርኩ ለአቅላጭ ትሰጣለች፣ ጋራዡም ይዘጋል። አባቴ የተወልኝ ይኼንኑ ነው። ‹ሴት ልጅ መኪና ምን ያደርግላታል? አባትሽ እንኳ ባለቤቷ እንጂ ነጂዋ አልነበረም› እያሉ የሳቁብኝን ሁሉ በጀጎል መሃል ነድቼ ላሳያቸው ነበር።»

«አንቺ ልትነጂያት?»

«የመጀመሪያውን ዙርማ አው ዐብዱልፈታሕ እንዲነዱልኝ ለምኛቸዋለሁ። በጃንሆይ ጊዜ የደንገጎን ዳገት በእሷ ወጥተው ያሸነፉት እሳቸው ናቸው፤ የአባቴ ጓደኛ። ክብሩ ይገባቸዋል። ቀጣዩን ግን ለማንም አልሰጥም ነበር።» ቀና ብላ ፍሬሕይወትን አየቻት። «ያላደረግኩትን አደረግኩ አልልም። ከፈለጉ አሁኑኑ ይሰሩኝ።»

ፍሬሕይወት ልጅቷን ወደደቻት። መውደድ ግን ማስረጃ አይሆንም። ወደ ኮማንደሩ ዞረች።

«እስከ ነገ ጁምዓ ይስጡኝ።»

«ሰው ሁሉ የሰማውን ነገር ምን ልታደርጊው ነው?»

«እኔ አልሰማሁማ!»

ከጋራዡ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው የበክሪ ቤት ነው። በክሪ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀትር ሲል ወዳጆቹ እሱ ቤት ተሰብስበው ጫት ይቅማሉ። ዋፊቃ ስትጮህ ሮጠው የደረሱትም እዚያው የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ በክሪ ራሱ፣ ቦሎ የሚሰጠው የመኪና ምርመራ ባለሙያ ሚኪያስ፣ እና አው ዐብዱልፈታሕ። ፍሬሕይወት ቀይ ቀለም በተቀባው መደብ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ጠራቻቸው።

«ወላሂ ሰማሁ!» አለ በክሪ። «ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ የእናቴ ሳህኖች ተንጫጩ! ያቺ መኪና ከተነሳች ወዲህ መች ሰላም አገኘንና? ባለፈው አንዱ ሳህን ወድቆ ተሰብሯል። ለሪድዋን ‹ሁለተኛው ቢሰበር እኔም ካንተ አንድ ነገር እሰብራለሁ› ብዬዋለሁ። አላህ ይርሐመው፤ እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም።»

«ከማን ጋር ነበሩ?»

«ከሚኪያስ ጋር። ከሱቄ አብረን መጣን፤ ቴሌቪዥኑን ከፍተን ገና እግራችንን ሳንዘረጋ መብራት ሄደ። አው ዐብዱልፈታሕ የቀትሩን ሰላት፣ ዙሁርን፣ ሰግደው ኋላ መጡ። ከዚያ በኋላ እስከ ጩኸቱ ድረስ ከመደቡ የተነሳ የለም።»

ሚኪያስ ከአዳማ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ዓይነት።

«መኪናዋን ደጋግመህ መልሰሃታል አሉ።»

«ደንብ ነው። ማርሚታ የላትም፤ ጆሮ ታደነቁራለች። እውነት ነው፣ ዋፊቃን ‹ይቺ መኪና ታርጋ የምታገኘው እኔ ሥራዬን ስለቅ ነው› ብያታለሁ። አፍ ተካፍተን ተናድጄ ነው። መናደድና መግደል ግን ለየቅል ነው።»

«ዛሬ ድምፁን ሰምተሃል?»

«እንዴት አልሰማም! መኪና በድምፁ የማውቅ ሰው ነኝ።»

«በየት በኩል መጣ? በበሩ ነው በግድግዳው?»

ሚኪያስ መጀመሪያ በሩን፣ ከዚያ ግድግዳውን አየ። «እ... አው ዐብዱልፈታሕ ‹ስሙ፣ ስሙ! ሪድዋን ቀሰቀሳት› አሉ። ከዚያ ሁላችንም ሰማን።»

«መጀመሪያ ሰማህ ወይስ መጀመሪያ ተነገረህ?»

«ኧረ ኢንስፔክተር! መርቅኖ የተቀመጠ ሰው ይህን እንዴት ይለያል?»

ሦስተኛው ገባ። አው ዐብዱልፈታሕ በሐረር ስማቸውን የማያውቅ የለም። ሐረሪ አዛውንቱን «አው» ብሎ ነው የሚያከብረው፤ እሳቸውን ግን የጎዳናው ሰው «ሻምፒዮኑ» ብሎም ይጠራቸዋል። ቁመታቸው ዘለግ ያለ ስለሆነ በበሩ ለመግባት ወገባቸው ድረስ አጎነበሱ። ጉልበታቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡም መደቡ ጠበባቸው።

«ዳገቱን እንዴት እንደወጡት ሰው ሁሉ ያወራል፤ እኔ ግን ከእርስዎ አፍ ሰምቼ አላውቅም» አለች ፍሬሕይወት።

ፊታቸው በራ። «አይ ልጄ፣ ጉድ ነበር! ገደሉ በዚህ፣ ዳገቱ በዚያ። ከኋላዬ አንድ ጣሊያን እየተከተለኝ! የመጨረሻዋ ኩርባ ላይ ስደርስ ፍሪሲዮኑን በቀኝ እግሬ ድፍን አድርጌ ረግጬ፣ ካምቢዮውን ወደ ሁለት መልሼ፣ ቢስሚላህ ብዬ ለቀቅኳት! ጣሊያኑ አቧራዬን ነው ያየው።»

«ዛሬ ድምፁን መጀመሪያ የሰሙት እርስዎ ነዎት?»

«የነጂ ጆሮ ነው፤ ምን ይደረግ።»

«ለዋፊቃ አያዝኑም?»

«እንዴት አላዝንም! እንደ ልጄ ናት። ግን የሰማሁትን አልሰማሁም ልበል? አሱር ሊል ሲል ሪድዋን በሕይወት ነበር። ከዚያ ወዲያ የገባችው እሷ ብቻ ናት። አላህ ይምራት።»

«ታርጋ ባገኘች ማግስት ሊነዷት ነበር አሉ።»

አዛውንቱ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አዎ... ጉልበቴን ቢያመኝም።»

ፍሬሕይወት አመስግና ሸኘቻቸው። ልጄ ናት የሚል ሰው ለልጁ አንድ ቀዳዳ ይፈልግላታል፤ እኚህ ሰው ግን ያሉትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ደፈኑባት።

ልትወጣ ስትል የበክሪን እናት አዴ ዐይሻን ከውስጠኛው ክፍል አገኘቻቸው። እርጅና ጆሯቸውን ጭራሽ ወስዶታል፤ የሚያናግራቸው ሰው በእጁ ነው። ግድግዳቸው ከላይ እስከ ታች በሳህንና በሰፌድ ተሸፍኗል። ፍሬሕይወት ወደ ሳህኖቹ ጠቁማ እጇን አንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ጣቷን ወደ መሬት አድርጋ «ዛሬስ?» ብላ በዐይኗ ጠየቀች።

አዴ ዐይሻ ቤቱን በሚሞላ ድምፅ መለሱ። «ዛሬማ አልተንቀሳቀሱም! እኔ አልሰማትም እንጂ ስትነሳ ሳህኖቼ ሲንቀጠቀጡ አያለሁ። አንዱ ከተሰበረብኝ ወዲህ በሰዓቷ መዳፌን ግድግዳው ላይ አድርጌ እደግፋቸዋለሁ። ዛሬም አድርጌ ጠበቅኳት። ቀረች! ‹አሟታል መሰለኝ› ብዬ ተውኩት።»

ፍሬሕይወት የአሮጊቷን መዳፍ ሳመች። ጆሮ ያላቸው ሦስት ሰዎች ሰማን ይላሉ፤ ጆሮ የሌላቸው አንዲት እናት አልነበረም ይላሉ። ኮማንደሩ ማንን እንደሚያምን የታወቀ ነው፤ እሷም ማንን እንደምታምን የታወቀ ነው።

ወደ ጋራዡ ተመለሰችና መኪናዋን በክሪክ ከፍ አስደርጋ፣ በወፍራም እንጨት አስደግፋ፣ በጀርባዋ ተኝታ ገባች።

«ኧረ ዩኒፎርምሽን!» አለ ተስፋዬ።

«ይታጠባል።»

በስልኳ ብርሃን እያየች ከወዲያ ወዲህ ተሳበች። ከመኪናዋ ሆድ መሃል እንደ ረጅም ጣሳ ያለ ነገር አገኘች። ዙሪያው አዲስ ብየዳ ነው፤ ዝገትም ቀለምም ገና አልነካውም። ሪድዋን ተኝቶ በነበረበት ቦታ፣ ጣሳውን የሚያጠብቀው የመጨረሻው ብሎን በከፊል ተጠምዝዞ ቀርቷል። አጠገቡ የቆመውን የመበየጃ ማሽን ገመድ ዐይኗ ተከትሎ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ደረሰ።

«ጌታዬ፣ እዚህ ሰፈር መብራት መቼ ሄደ?»

«ከዙሁር አዛን በፊት ሄዶ እስካሁን ቀረ። ለምን?»

ፍሬሕይወት ወጥታ ከመሪው ፊት ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ከመሪው ጋር ተላተመ። ወንበሩን ወደ ኋላ ልትገፋ ሞከረች። የውድድር ወንበር ነውና ከወለሉ ጋር ከጥንት ጀምሮ ተበይዷል፤ አይገፋም። ያን ጊዜ ለብቻዋ ሳቀች።

በማግስቱ ሪድዋን ከተቀበረ በኋላ፣ ጁምዓ ሳይደርስ፣ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በክሪ አለ፣ ሚኪያስ አለ፣ አው ዐብዱልፈታሕ አሉ። አዴ ዐይሻ ወንበር ቀርቦላቸው ከግድግዳው አጠገብ ተቀምጠዋል። ኮማንደር ተስፋዬ ብዕሩን ኪሱ ላይ ሰክቶ ቆሟል። ዋፊቃ በሁለት ፖሊስ መሃል ሆና አንገቷን አልደፋችም።

«የትናንቱን ድምፅ ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለች ፍሬሕይወት። «እኔ ስላልሰማሁ ደግማችሁ አሰሙኝ። አው ዐብዱልፈታሕ፣ ከእርስዎ በላይ የሚያውቃት የለም። ይግቡና ያስነሱልን።»

«እኔ?» አሉ አዛውንቱ። «ጉልበቴ እኮ...»

«መንዳት አይደለም፤ ማስነሳት ብቻ።»

«ይተዉዋቸው ኢንስፔክተር!» ብላ ጮኸች ዋፊቃ። «በእኔ ጦስ ትልቅ ሰው አይጉላላ! እኔ አስነሳታለሁ።»

ፖሊሶቹ ፍሬሕይወትን አዩ፤ «ልቀቋት» አለች። ዋፊቃ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ወንበሩ ለእሷ የተሰፋ ልብስ ይመስላል፤ ጉልበቷ ከመሪው ሥር ልክ ገባ፣ እግሯ ልክ ደረሰ። በክሪ ከልማድ የተነሳ ሁለት ጆሮውን ያዘ። ሚኪያስም ፊቱን አጨማደደ።

ቁልፉ ዞረ። ሞተሩ ተነሳ።

ድምፁ ለስለስ ብሎ ቀረ፤ የአንድ ደህና የቤት መኪና ድምፅ። በክሪ እጁን ቀስ ብሎ ከጆሮው አወረደ። አዴ ዐይሻ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ዞር ዞር አሉና «ምነው አታስነሷትም?» ብለው ጮኹ።

ዋፊቃ ሞተሩን አጥፍታ ዘላ ወረደች። በሐር ቀሚሷ መሬት ላይ ተኝታ ከሥር አየች።

«ማርሚታ!» አለች። «ማርሚታ አስገብቶላታል! እምቢ ብሎኝ ነበር እኮ... በሕይወቴ እያለሁ አይገባባትም ብሎ ምሎ...» ትናንት ቀኑን ሙሉ አላለቅስም ያለችው ልጅ እዚያው መሬት ላይ እንደተኛች ምርር ብላ አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም።

ፍሬሕይወት ልጅቷ እስክትነሳ ጠብቃ ቀጠለች።

«ሪድዋን እሷ አፎቻ በሄደችበት ሰዓት፣ በሕይወቱ እያለ፣ በገዛ እጁ አስገባላት። ሊያስደስታት ነው። የጭስ ማውጫው ጫፍ እንደ ድሮው በጎን ስለሚወጣ ጎንበስ ብሎ ያላየ ሰው አያውቅም። ብየዳው ደግሞ መብራት ይፈልጋል። መብራቱ የሄደው ከዙሁር በፊት ነው፤ በክሪ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ያስታውሳል። እንግዲያው መኪናዋ ከዙሁር በፊት አፏ ተዘግቷል። ለአሱር በምን አፏ አጓራች?»

«ግን ሰማን!» አለ በክሪ።

«በየቀኑ በዚያ ሰዓት ትሰማላችሁ። ትናንትም ልትሰሙ ተዘጋጅታችሁ ነበር። አንድ ሰው ‹ስሙ!› አላችሁ፤ እናንተም ላልነበረ ድምፅ ምስክር ቆማችሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይኼ ነው! ያልተታለሉት አዴ ዐይሻ ብቻ ናቸው፤ ‹ስሙ› ቢባሉም አይሰሙማ።»

ሚኪያስ አንገቱን ደፋ። «አልሰማሁም» አለ። «አሁን ሳስበው አልሰማሁም።»

«ጎሽ። እንግዲህ ድምፁን የፈጠረው ሰው ለምን ፈጠረው? ሪድዋን አሱር ላይ በሕይወት እንዲኖርለት ነው። ያን ጊዜ እሱ ከናንተ ጋር ተቀምጧል፤ ዋፊቃ ደግሞ ወደዚህ እየመጣች ነው። በክሪና ሚኪያስ ከመብራቱ መጥፋት በፊት ጀምሮ አንድ ላይ ነበሩ። ዋፊቃ እስከ አሱር አፎቻ ውስጥ ነበረች። ዙሁርን ሰግዶ ለብቻው በዚህ በር በኩል ያለፈ አንድ ሰው ነው። ‹ስሙ!› ያለውም እሱ ነው።»

የሁሉም ዐይን ወደ አንድ ቦታ ሄደ።

«እኔ?» አሉ አው ዐብዱልፈታሕ። «እኔ ሪድዋንን ምን አድርጎኝ? ይቺን መኪና ነድቼ አገር ያስከበርኩ ሰው...»

«አልነዷትም» አለች ፍሬሕይወት። «ያን ወንበር ይዩት፤ ከተሠራ ጀምሮ የተበየደ ነው። እርስዎ በበር ሲገቡ እንኳ ይጎነበሳሉ፤ እዚያ ውስጥ እግርዎን የት ያደርጉታል? ደግሞም ፍሪሲዮኑን በቀኝ እግሬ ረገጥኩ አሉኝ። የፖሊስ መኪና የምነዳ ሴት ያንን ሰምቼ ልለፍ? ፍሪሲዮን በግራ እግር ነው። ዐብዱልፈታሕ፣ እርስዎ መኪና መንዳት አይችሉም። መኪናዋ እዚህ ቆማ እስካለች ድረስ ማንም አያውቅም ነበር። ታርጋ ካገኘች ግን የመጀመሪያውን ዙር ይንዱ ሊባሉ ነው፣ ሕዝብ ፊት!»

አዛውንቱ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ይቅርታ የሚለምን ሰው ድምፅ አልነበረም።

«አዎ! አልነዳኋትም! የነዳት ኑሀ ነው! አባቱ ሸኽ ነበሩ፤ ‹ውድድር ብትገባ ልጄ አይደለህም› ብለውት ነበር። ፊቱን በቆብና በመነጽር ሸፍኖ ነዳ። ሲያበቃ ቆቡን ለእኔ ሰጠኝ፤ ‹አንተ ነህ በል፣ አባቴ እንዳይሰማ› አለኝ። ሕዝቡ እኔን ተሸከመ። ኋላ አባቱ ሲሞቱ ‹አሁን እንንገር› አለኝ። እኔ ግን ሻምፒዮን ሆኜ ነበር! ሌላ ምን ነበረኝ? ኑሀ እስኪሞት ዝም አለልኝ።»

«ሪድዋንስ?»

«ሳቀ!» አሉ፤ አሁን ገና ድምፃቸው ተሰበረ። «ሰላም ልበለው ብዬ ጎራ አልኩ። ከሥር ሆኖ ‹አው፣ ፍሪሲዮን ይርገጡልኝ› አለኝ። ዱላዬን አስገብቼ አንዱን ረገጥኩ። ‹ይኼማ ፍሬን ነው› አለ። ሌላውን ረገጥኩ። ሳቀ። ‹ሻምፒዮኑ! ሕዝቡ ፊት ምን ሊሆኑ ነው?› ብሎ ሳቀ። ብሎኑ እግሬ ሥር ነበር። ሳቁ እንዲቆም ነው የፈለግኩት።»

ዋፊቃ ፊታቸው ቆመች። ደረታቸው ድረስ እንኳ አትደርስም።

«የአባቴን ድል ወሰዱብኝ። ጓደኛዬን ገደሉብኝ። ከዚያ በኋላ እኔን ሊያሳስሩ ‹እንደ ልጄ ናት› አሉ!» አለች። «ልጅዎ አይደለሁም። የኑሀ ልጅ ነኝ!»

ፖሊሶቹ አዛውንቱን ይዘው ሲወጡ በክሪ ፊቱን አዞረ። ኮማንደር ተስፋዬ ብዕሩን ከኪሱ አወጣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«የቱ ጋ ነው የምፈርመው?»

«ስጽፈው አሳይዎታለሁ፤ አንብበው ይፈርማሉ» አለችው ፍሬሕይወት።

መኪናዋ ታርጋ ያገኘችው የሪድዋን ለቅሶ ከተነሳ በኋላ ነው። ሚኪያስ ከሥሯ ገብቶ እያንዳንዱን ብሎን ነካክቶ ሲወጣ «ብየዳው እንከን የለውም» አለና ቦሎውን በገዛ እጁ መስታወቷ ላይ ለጠፈ። ሊብሬው ላይ ባለቤት በሚለው ቦታ የተጻፈው ዋፊቃ ኑሀ ነው።

በወጣችበት ቀን ኤረር በር በሰው ተጨናነቀ። ትናንት በዋፊቃ ላይ ምስክር ሊቆም የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዛሬ ሊያጨበጭብላት ተሰልፏል፤ የሰው ነገር እንዲህ ነው። ፍሬሕይወት መዳፋቸውን በቤታቸው ግድግዳ ላይ ካደረጉት ከአዴ ዐይሻ ጎን ቆማ አየቻት። ዋፊቃ ለማንም ሰላምታ ሳትሰጥ ገብታ ተቀመጠች፣ ፍሬቻዋን አበራች። ከሕዝቡ መሃል አንዱ ጎረምሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

«ማርሚታውን አውጪውና አስጓሪያት እንጂ! የኑሀ መኪና አይደለችም እንዴ?» አለ።

ዋፊቃ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«የኑሀ ናት!» አለች። «ሪድዋን በእጁ ዝም ያሰኛትን ግን ማንም አያስጮኻትም። የሚሰማ ጆሮ ያለው ቀረብ ብሎ ይስማ!»

ሰዉ ቀረብ ቀረብ አለ። መኪናዋ እየተነፈሰች በበሩ አለፈች፣ ታጥፋ የሸዋ በርን መንገድ ያዘች። አዴ ዐይሻ መዳፋቸውን ከግድግዳው ላይ አነሱና ወደ ቤታቸው ገቡ።